«ትንሽ እናግዝሽ»

ልጄ ሰላም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጥቂት ሳምንት ሲቀራት፣ ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለችና «እማዬ፣ አንድ ነገር ማይልኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«መቀስ እንደማያስነኩኝ።»

ሰላም ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ናት። ዕቃ ተይዞባት ከጉምሩክ ሰዎች ጋር ስትከራከር ድምጿ የማይንቀጠቀጥ ልጅ፣ ያን ቀን ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ወሬውን ከየት እንዳመጣችው አልጠፋኝም። ጎረቤታችን ዙሪያሽ ናት። ዙሪያሽ ደግ ሴት ናት፣ ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፤ እርጉዝ ስታይ ግን አፏ አያርፍም። «እኔን እኮ እዚሁ አዳማ፣ የዛሬ ስንት ዓመት ቆርጠው ሰፍተውኝ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል እስካሁን ይነግረኛል» ብላታለች።

«ማርያምን፣ አያስነኩሽም» አልኳት። መማል ልማዴ አይደለም። ግን እናት ነኝ፤ ደግሞም ዕድሜዬን ሙሉ አዋላጅ ነበርኩ። እኔ ካልማልኩላት ማን ይማልላታል?

ጡረታ የወጣሁት በቅርቡ ነው። ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ ኃላፊው ንግግር አደረገ፤ በንግግሩ መሀል ስልኩን ያይ ነበር። ከዚያ ወጣቶቹ አዋላጆች «ሲስተር ስንጥር! ሲስተር ስንጥር!» እያሉ አጨበጨቡ። ስሜ ስንታየሁ ነው። ስንጥር ያሉኝ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ከአፌ ስለማይለይ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ተጠራጣሪ ነኝ። መድኃኒት ሲያቀብሉኝ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ብልቃጡን ወደ መስኮት ይዤ አነባለሁ። ሐኪም «ምንም አይደለም» ሲለኝ አንድ ነገር እንዳለ ወዲያው አውቃለሁ። በዚህ ጠባዬ የጠላኝ ብዙ ነው። ደሞዜ ግን እንደማንኛውም ሰው ነበር፤ ለመጠርጠር የሚከፈል አበል የለም።

ሰላም የፈራችው ነገር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ልጅ ሊወጣ ጭንቅላቱ በር ላይ ሲደርስ፣ መውጫው እንዲሰፋ ተብሎ የእናትየዋ ገላ በመቀስ ይቆረጣል፤ ልጁ ከወጣ በኋላ ይሰፋል። መጽሐፉ ኤፒሲዮቶሚ ይለዋል። እኛ በሥራ ላይ አሳጥረን «ኤፒ» እንለዋለን። ለእናቶቹ ግን ሁለቱንም አንልም ነበር። ለእናቶቹ የምንለው «ትንሽ እናግዝሽ» ነበር። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚች ቃል የጠረጠርኩት ነገር የለም።

መጀመሪያ የተመደብኩት መቂ ነው፣ ደርግ ሊወድቅ አካባቢ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በጭንቅላቴ የያዝኩት ሕግ፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሁሉ ትቆረጣለች የሚል ነበር። አስተማሪያችን ምክንያቱን ሲያስረዳን፣ በመቀስ የተቆረጠ ቀጥ ብሎ ይሰፋል፣ ራሱ የተቀደደ ግን ይበጣጠሳል ብሎናል። ሸሚዝ በመቀስ ሲቆረጥና በእጅ ሲቀደድ አስቡት አለን። አሰብነው፣ አመንነው። ሰው ሸሚዝ አይደለም ያለ ከመሀላችን አልነበረም።

መቂ ላይ አለቃዬ ሲስተር ወርቄ ነበሩ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ቁጣቸው ቅርብ። ምጥ ሲፋፋም ቀለበታቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ጓንት ሳያጠልቁ በፊት የሞቀ ውኃ ያለበት ጣሳ አቅፈው ይቆማሉ። «ቀዝቃዛ እጅ ሴትን ያሸማቅቃል» ይላሉ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ገላው በሚወጠርበት ቦታ ላይ ያሳርፉታል። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል የግራ እጃቸውን ጣቶች ዘርግተው ይይዙታል፤ አይገፉትም፣ አይስቡትም፣ ተስፈንጥሮ እንዳይወጣ ብቻ። ለልጁም ያወሩታል። «ቀስ በል አንተ ጌታው፣ ማን አባረረህ?» እናትየዋ ኦሮሞ ከሆነች ደግሞ «ሱታ፣ ሱታ» ነው፤ ቀስ፣ ቀስ። እሷም ልጁም አብረው የሚታዘዟቸው ይመስለኝ ነበር።

መቀሷን ግን ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር አያስቀምጧትም። እንደተጠቀለለች ወዲያ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ናት። የሚፈልጋት ሰው ተነሥቶ መሄድ አለበት፤ ወይም ጮክ ብሎ «መቀስ አቀብሉኝ» ማለት አለበት፣ እናትየዋ እየሰማች።

እኔ ሴትዮዋን ጠረጠርኳቸው። ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ስለከበዳቸው ነው መቁረጥ የሚሸሹት አልኩ በሆዴ። ተደብቄ አየኋቸው። አንዴ ነው ክሩን ያስገቡት፣ ምራቅ እንኳ አላስፈለጋቸውም። እንግዲህ ይህ ካልሆነ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሲስተር፣ የመጀመሪያዋ ናት እኮ። ለምን አይቆርጧትም?»

«ልጁ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«እሷስ?»

«ደኅና ናት።»

«ታዲያ ማን ታሞ ነው መቀስ የምታነሺው?»

መልስ ሳጣ እናደዳለሁ፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነኝ።

አንድ ቀን ግን ራሳቸው ሲቆርጡ አየሁ። የፅንሱን ልብ ምት የሚሰሙባት የእንጨት ማዳመጫ ነበረቻቸው፣ ትንሽ ጥሩንባ የምትመስል። አንዱን ጫፍ ሆድ ላይ፣ አንዱን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ እኔን ጠርተው አሰሙኝ፤ እጄን ይዘው ምቱን በጣታቸው መዳፌ ላይ መቱልኝ። ዱብ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ዱብ። «ይህን ድምፅ ልብ በይው» አሉኝ። ወደ ሴትየዋ ፊት ዝቅ ብለው «ልጅሽ ደክሟል። ልቆርጥሽ ነው። ማደንዘዣ እወጋሻለሁ፣ ኋላ እሰፋሻለሁ። እሺ በይኝ» አሏት። ሴትየዋ «እሺ» አለች። ልጁ ወጣ፣ አለቀሰም።

በኋላ «ለምን አስፈራሯት? ቀለል አድርገው ቢነግሯት ምን ነበረበት?» አልኳቸው። «መቀስን በስሟ የማይጠራ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» አሉኝ። ያን ቀን ወደድኳቸው። ለካ እሳቸውም እንደኔ ተጠራጣሪ ናቸው! ወደ አዳማ ስዛወር ያቺን ማዳመጫ በሻሽ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ «ማሽን መጣ ብለሽ እንዳትጥያት» አሉኝ።

አዳማ ሌላ ዓለም ነው። የገባሁበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፣ ብዙ ደግ ሰዎች ያሉበት ነው። ወላዶች ከወንጂ፣ ከወለንጪቲ፣ ከዴራ ይመጣሉ። አልጋው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አንዷ አልጋ ላይ ስታምጥ ሌላዋ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታቃስታለች። እዚያ ነው «ትንሽ እናግዝሽ»ን የሰማኋት። መቀሷም ከሌላው ዕቃ ጋር እጅ ሥር ናት።

ምጥ ላይ ያለች ሴት «እናግዝሽ» ስትባል ምን ትላለች? «አግዙኝ!» ነው የምትለው። ሌላ ምን ትበል? «አግዙኝ» ስትል ደግሞ ፈቀደች ይባላል። ቃሏ ከሁሉ አፍ ገብታለች፣ ከተማሪውም፣ ከአለቃውም። ከኔም አፍ ገብታ ነበር። እኔ ግን ቆይቼ መጠርጠር ጀመርኩ። የምናግዘው ማንን ነው? እሷን ነው ወይስ ኮሪደር ላይ ያለችውን? ወይስ ቶሎ ጨርሶ ምሳ ሊበላ የፈለገውን? ወይስ ስፌት መለማመድ ያለበትን ተማሪ? ስብሰባ ላይ ይህን ባነሣ «ሲስተር ስንጥር ጀመረቻት» ተብሎ ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

እዚያ የተካንኩት በስፌት ነው። ስፌት ከውስጥ ይጀምራል። የቁስሉን የመጨረሻ ጫፍ ሳታገኚ ክር ካስገባሽ ውስጥ ለውስጥ ይደማል፣ ላዩን አማርሽ እንጂ አልሰፋሽም። ደግሞም አታጥብቂ። ገላ ያብጣል፤ ዛሬ ልክ የሆነው ነገ ያንቃል። ይህን ለስንቱ ተማሪ አስተማርኩ! በር ላይ የቆሙ ዘመዶች አንዳንዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲስተርዬ፣ ትንሽ ጠበቅ አርጊያት፣ ለባሏም...» ይሉኛል። ያኔ ደሜ ይፈላል። «ይሄ ጨርቅ መሰላችሁ? የሱሪ ቀበቶ ነው የማጠብቀው?» ብዬ አባርራቸዋለሁ። እኔ ባባርራቸው እሺ ያለ ሌላ ሰው እንዳለም እጠረጥራለሁ። የተጎዱት ሴቶች ኋላ ሲመጡ ስፌቱን አይቼ አውቀዋለሁ።

አሁን ስለ ቦንቱ ልናገር።

ቦንቱ ከወንጂ ሸንኮራ እርሻ አጠገብ ካለ መንደር ከአማቷ ጋር የመጣች ልጅ ናት። የመጀመሪያዋ ነበር። ጠንካራ፣ ቀይ ሻርፕ ያሰረች፣ በምጥ መሀል እንኳ የምትቀልድ። እኔ ከጎኗ ያለችውን ሴት ይዤ ነበር፤ እሷን የያዛት ወንድሙ የሚባል አዋላጅ ነርስ ነው። ወንድሙ ከጎጃም ገና መምጣቱ ነው፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ኦሮምኛ ሊማር የሚታገል። እኛው ነን ያስተማርነው። «ትንሽ እናግዝሽ» በኦሮምኛ «ጢቆ ሲ ገርጋረ» ነው ብለነዋል። «ጋ» ላይ ሳብ ታደርጋለህ ብለነዋል።

ወንድሙ ሳይስባት ቀረ። «ሲ ገርገረ» አላት። ኦሮምኛ ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ገርጋር ሲረዝም እርዳታ ነው። ገርገር ሲያጥር ወዲያና ወዲህ መለያየት ነው። ቦንቱ እዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና ሳቀች። «ገርገር? ማል ገርገር?» አለች፣ ምኑን ነው የምትለያየው ማለቷ ነው። አማቷም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ወንድሙ ፊቱ ቀልቶ እሱም ሳቀ። ከዚያ ምጡ መጣ፣ ቆረጠ።

ልጁ ደኅና ነበር እኮ! እሷም ደኅና ነበረች። ሲስተር ወርቄ ቢኖሩ ማን ታሞ ነው ይሉ ነበር። ማደንዘዣው ገና አልያዘም፤ ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መቀሷ የጀመረችውን ጭንቅላቱ ጨረሰው፣ ቁስሉ ወደ ኋላ ረዝሞ ሄደ። ወንድሙ ሌላ ወላድ ስለመጣችበት እንድሰፋት እኔን ጠሩኝ። ብዙ ሰፋሁ፣ ተጠንቅቄ ሰፋሁ። ቦንቱ ስትገባ ትቀልድ የነበረች ልጅ ጣሪያውን እያየች አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ቁስሉ አመረቀዘ፣ ስፌቱ ተከፈተ። ልጇን ቆማ ነበር የምታጠባው አሉ። ለሕክምና ተመልሳ ስትመጣ አማቷን እንጂ እኛን አታይም። የወንድሙ ስሕተት ግን ምን ነበር? ሁላችንም የምንለውን ነው ያለው። እንዲያውም በዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን አስቀድሞ የተናገረ እሱ ነው፣ ያውም ተሳስቶ።

ሁለተኛዋን ስታረግዝ አዳማ ገበያ ሽንኩርት ስትገዛ አገኘኋት። ሆዷ ገፍቷል። ሰላም ብዬ «እኔ ራሴ እይዝሻለሁ፣ ነይ» አልኳት በኦሮምኛ። ሽንኩርቷን ወደ ዘንቢሏ እየከተተች «ገርጋርሰ ኬሰን ሂን በርባዱ» አለችኝ። እርዳታችሁን አልፈልግም። «ጋ»ን በደንብ ስባ፣ ጥርት አድርጋ ነው ያለችው።

ቤቷ አማጠች። ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሞ ኖሮ ምጡ አልሄደም። ባጃጅ ላይ ጭነው ሲያመጧት የልጁ ልብ ቀጥ ብሏል። እሷን አተረፍናት። እኔ ማዳመጫዬን ሆዷ ላይ አድርጌ ቆየሁ፣ ደግሜ ቆየሁ፤ ምንም የለም። አማቷ በር ላይ ተቀምጠው «እናንተን ፈርታ እኮ ነው። ሞትን አልፈራችም፣ እናንተን ነው የፈራችው» አሉኝ። ወንድሙ ጓሮ ሄዶ አለቀሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠየቀ። እኔም አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ከዚያ ወዲህ «እናግዝሽ» የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣችም። «ልቆርጥሽ ነው» እላለሁ፤ ከማያስፈልገው ጋር ደግሞ እጣላለሁ። ሲስተር ስንጥር ወላዶችን ታስፈራራለች ተባልኩ። ይበሉ።

ዓመታት አለፉ። ሶደሬ ሥልጠና ተጠራን። ከአዳራሹ ውጭ ሰው ፍል ውኃው ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ እኛ ውስጥ ተቀምጠን ማስታወሻ እንይዛለን። አሠልጣኙ ጎበዝ ልጅ ነው። «ከእንግዲህ በልማድ መቁረጥ ቀርቷል። በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ» አለ። ሁሉም ቀና ሳይል ጻፈ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ትናንት ሁሏንም ቁረጡ ያለን ማን ነበር?»

«በጊዜው የነበረው ዕውቀት ነው፣ ሲስተር።»

«የዛሬውስ የማን ጊዜ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ልጁም ሳቀ፤ ሻይ ዕረፍት ላይ ግን መጥቶ «ጥያቄዎ ትክክል ነው፣ መልስ የለኝም እንጂ» አለኝ። ይህን በማለቱ አከበርኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ሲስተር ወርቄ ቀና ብለው ባዩ አልኩ። ግን ሰው ስለ ቦንቱ ሳያለቅስ፣ እንዲሁ አዲስ ወረቀት ስለመጣ ብቻ መቀሱን ሲያስቀምጥ ጠረጠርኩ። ነገ ሌላ ወረቀት ቢመጣስ?

ጥርጣሬዬም መሬት አልወደቀም። መቀሷን ሲቀሟቸው ልጁን ለማስወጣት ሆድ ላይ በክርናቸው የሚጫኑ መጡ። እዚያም እዚህም ደግሞ ምጡ ትንሽ ሲዘገይ «ኦፕራሲዮን ይሻልሻል» ማለት በዛ፤ ከታች የተባረረው ስለት ወደ ሆድ ወጣ። የሚያድን ቀዶ ጥገና እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔ የምጠረጥረው የቸኮለውን ነው። በዚያ ላይ ካልተቆረጠ የሚሞት ልጅ መኖሩን ወጣቶቹ እንዳይረሱት እሰጋ ነበር። በሁሉም በኩል መጠርጠር ሰውን ያደክማል። ጡረታዬ ሲደርስ «እፎይ» ያልኩት ለዚህ ነው። እፎይታዬ ሰላም «ማይልኝ» እስክትለኝ ብቻ ነበር የቆየው።

ሰላምን ምጥ ሲነጋጋ ጀመራት፣ ረፋዱ ላይ ገባን። ያገኘናት አዋላጅ ሌንሳ የምትባል ወጣት ናት። መጀመሪያ ጥፍሯን አየሁ፤ አጭር ነው። ከዚያ ጠረጴዛውን አየሁ፤ መቀስ የለበትም። ይሄኔ ይበልጥ ጠረጠርኩ።

«መቀስሽ የት ነው?»

«እንደምን አደሩ ይቀድማል፣ ሲስተር» አለች ፈገግ ብላ። «እርስዎ ሲስተር ስንጥር አይደሉ? ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ።»

«ክፉ ክፉውን ነው የሰማሽው?»

«ግማሹን» አለችና መደርደሪያው ላይ የተጠቀለለ ነገር በአገጯ አሳየችኝ። «እዚያ ነው። ካስፈለገ ለራሷ እነግራታለሁ።»

ሰምታ ነው፣ ለኔ ብላ ነው አልኩ በሆዴ። ወንበሬን ወደ መደርደሪያው አስጠግቼ እንደ ዘበኛ ተቀመጥኩ።

ወደ ቀትር ሰላም መግፋት ጀመረች። ላብ በላብ ሆናለች፣ እጄን ይዛ ልትሰብረው ነው። የልጁ ጭንቅላት ይታያል፣ ይመለሳል፣ ይታያል። ያኔ ሌንሳ ወደ ታች ጎንበስ ብላ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሰላምዬ፣ አሁን ትንሽ ላግዝሽ» አለቻት።

ከወንበሬ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። የእጇን አንጓ አፈፍ አደረግኩ። «ምን አልሽ አንቺ? ምን አልሽ?»

በእጇ የያዘችው በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ነበር። ውኃው በክንዴ ላይ ተንጠባጠበ። ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ «ምን ሆኑ ሲስተር?» አለች። ቃሏ ለሷ ምንም አይደለችም፤ ማገዝ ማለት ለሷ ማገዝ ነው። ሰላም ከሥቃይዋ ውስጥ «እማዬ፣ በማርያም ተቀመጪ!» ብላ ጮኸችብኝ። አፈርኩ። ተቀመጥኩ።

ሌንሳ ጨርቁን እንደ ሲስተር ወርቄ አሳረፈችው። ከዚያ የልብ ምት መስሚያ ማሽኗን ሆድ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ሰላምን ወደ ጎን አዞረቻት፣ ደግማ አዳመጠች። የሚቀጥለው ምጥ መጥቶ ሄደ፤ አሁንም አዳመጠች። ፊቷ ተለወጠ። አልጮኸችም፣ አልተርበተበተችም። ጓደኛዋን ጠራችና ወደ ልጄ ፊት ዝቅ አለች።

«ሰላም፣ ስሚኝ። የልጅሽ የልብ ምት ቀንሷል፣ እየተመለሰም አይደለም። በር ላይ ደርሷል፣ ቶሎ መውጣት አለበት። ልቁረጥሽ? ማደንዘዣ እሰጥሻለሁ፣ ኋላ እሰፋሻለሁ።»

ሰላም ወደኔ ዞረች። «እማዬ! ምለሽልኛል እኮ!»

«አትንኪያት» አልኩ። «ማሽንሽ ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ሲስተር» አለች ሌንሳ፣ ቁጣ የለባትም፣ «የጠየቅኩት እሷን ነው።»

ከቦርሳዬ የሲስተር ወርቄን ማዳመጫ አወጣሁ። ሌንሳ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ «ይስሙ፣ ግን ቶሎ» አለች። ማደንዘዣውን እያዘጋጀች ነው የተናገረችኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። የልጄ ሆድ፣ የልጅ ልጄ ልብ። ዱብ። ዝም። ዱብ። መቂ ላይ መዳፌ ላይ የተመታልኝ ያ ምት ነው። ማሽኑ አልዋሸም፣ ልጅቷም አልዋሸችም።

«እማዬ፣ እውነት ነው?» አለች ሰላም።

ዕድሜዬን ሙሉ ማንንም ሳላምን የኖርኩ ሴት፣ ሌላ ሰው የተናገረውን «እውነት ነው» ማለት እንዴት ከበደኝ! ግን ልጁ እየሄደብን ነበር።

«እውነት ነው ልጄ» አልኳት። መሐላዬ እዚያው ቀረ።

ሰላም ፊቷን ከኔ መለሰችና ለሌንሳ «ቁረጪኝ» አለቻት።

በሚቀጥለው ምጥ ሕፃኗ ወጣች። ሰማያዊ ሆናለች፣ ድምፅ የላትም። ጀርባዋን አሹ፣ አሹ። እኔ ማርያምን ለመንኩ፤ እያለቀስኩ እንደነበር እንኳ አላወቅኩም። ከዚያ ጮኸች፣ እንዲህ ያለ ቁጡ ጩኸት! የኔ ዘር ናት አልኩ።

ሌንሳ ስትሰፋ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። የቁስሉን ጫፍ ፈልጋ አገኘች፣ ከውስጥ ጀመረች፣ አላጠበቀችም። የምነቅፈው ፈለግሁ፣ አጣሁ። ይህም በራሱ ትንሽ አናደደኝ። ስትጨርስ «እጅሽ ጥሩ ነው» አልኳት። «ከሲስተር ስንጥር ይህን መስማት ሽልማት ነው» አለች።

ቤት ከገባን በኋላ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ። ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ፤ ማማሰያውን ስንጥር እንዳይኖረው በጣቴ ዳስሼ ነው ያማሰልኩት፣ ልማድ አይለቅም። ዙሪያሽ ከሁሉ ቀድማ መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ቆረጡሽ አይደል?» አለቻት ገና ማንኪያዋን ሳታነሣ። «አላልኩሽም?»

«ቆረጠችኝ እትዬ ዙሪያሽ። ግን ጠይቃኝ ነው።»

«ምን ብላ?»

«ልቁረጥሽ ወይ ብላ። እኔም ቁረጪኝ አልኳት።»

ዙሪያሽ ማንኪያዋን ገንፎው ላይ አስቀመጠችው። «ይጠየቃል እንዴ?» አለች።

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «እኔን እኮ ‹ትንሽ እናግዝሽ› ነበር ያሉኝ» አለች። «እኔም ሞኟ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ኋላ ስጮህ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ።» ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። «ያኔ አንቺም እዚያው ነበር የምትሠሪው። ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ የቆረጠችኝን ሰው ፊት አላየሁም እንጂ ሴት ናት። ሲስተርዬ፣ አንቺ አልነበርሽም አይደል?»

«አይመስለኝም» አልኳት።

«በማርያም ማይልኝ።»

የገንፎውን ሳህን ይዤ ቆምኩ። ሰላም ልጇን ታቅፋ ከአልጋዋ ላይ እያየችኝ ነው። ለልጄ ሳላስብ የማልኩት ሴትዮ፣ ለዙሪያሽ መማል አቃተኝ።